ማሟሻ የበላው ቁራ

ተረት ተረት።

ከፌርፋክስ ጎዳና ወደ ደቡብ ሲነዱ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹን አልፈው ፍሪዌዩን ሲሻገሩ፣ ባልድዊን ሂልስ የሚባል ኮረብታ ፊት ለፊት ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሣ ጭጋግ ያለብሰዋል። ረፋዱ ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍ በአንድ ወገን ባሕሩ፣ በሌላው ወገን የሎስ አንጀለስ ፎቆች፣ ከእነሱም ባሻገር ተራሮቹ ይታያሉ። ተዳፋቱን የሸፈነው ግራጫ ቁጥቋጦ የአገራችን የአሪቲ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉን አሽቶ ያሸተተ ሐበሻ ለአፍታ የት እንዳለ ይጠፋዋል። በየጥጉ ቁልቋል አለ፤ ፍሬውም በለስ ነው፣ ይበላል።

በዚህ ኮረብታ ላይ ቀበሮ፣ ጥንቸል፣ ሽኮኮ፣ ጭልፊትና ቁራ ይኖራሉ። ተኩላ የሚመስለው ካዮቲም አለ። እንደ ማንኛውም አገር ሕዝብ ሹም አላቸው፣ ሽማግሌ አላቸው፣ ወሬ አመላላሽ አላቸው። ሰጋጆችም አሏቸው።

ሰጋጆቹ እንዲህ ናቸው። በ1924 (በዚህ ተረት ዓመትና ቀን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው) ኮረብታው ላይ ነዳጅ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ግንባራቸውን ወደ መሬት ደፍተው መልሰው ቀና የሚሉ ትላልቅ ብረቶች ሌት ተቀን ነዳጅ ይስባሉ። ሰንበት የለ፣ በዓል የለ፣ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና። የአራዊቱ ልጆች ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የሚያዩት እነዚህን ብረቶች ነው። እናቶችም «እነዚያ ለሁላችንም ይሰግዳሉ፣ አንቺ ተኚ» እያሉ አሳደጓቸው። እንዲህ እየተባለ ሲኖር፣ በባልድዊን ሂልስ ለፈጣሪው ራሱ ጎንበስ የሚል አውሬ ጠፋ። ሥራው ባለቤት አለው እኮ።

አንድ ዘመን ዝናብ ቀረ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። የሣሩ ሥር ደረቀ፣ በለሱ ኮሰመነ። ጅራተ ቀዩ ጭልፊት ጉባኤ ጠራ። በጉባኤ ቀን ሥጋ በል ሥጋ አይበላም፤ ሕጉ የቆየ ነው። ስለዚህ ጥንቸሏም መጣች፣ አያ ካዮቲም መጣ። ካዮቲው ላ ሲየኔጋ በሚባለው ጎዳና መኪና ገጭቶት አንድ እግሩን ያነክሳል። ማንም አጠገቡ አልተቀመጠም። ባለፈው ዓመት ከእመት ቀበሮ ልጆች አንዱን የበላው እሱ ነበር።

ጭልፊቱ ክንፉን አራግፎ ተናገረ፦

«ጥያቄው አንድ ነው። ፈጣሪ ይህን ኮረብታ ትቶታል ወይስ አልተወውም? ድሮ ምልክት ነበረ። በ1932 ለኦሎምፒክ ከዓለም ሁሉ የመጡ ወንዶች እዚሁ አናት ላይ መንደር ተሠርቶላቸው ሰፈሩ። በ1963 ውኃው ግድቡን ጥሶ ወረደ። አሁንስ ምን አለ? ጭጋግ ይመጣል፣ ጭጋግ ይሄዳል። ፀሐይ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች። ይህ ምልክት ነው?»

ጉባኤው «አይደለም!» ብሎ ጮኸ።

«እንግዲያስ ሁላችንም አናት ላይ ወጥተን እንጠብቅ። ምልክት መጀመሪያ ያየ በኮረብታው ላይ ይሾማል። ወደ ከተማም መልእክተኞች እንላክ።»

እንዲህ ተወሰነ። አራዊቱ ሰዎች 282ቱን ደረጃ እየቆጠሩ ወደሚወጡበት አናት ሄዱና ሰማይ ሰማይ ማየት ያዙ። ሽኮኮዋም ሄደች። የሽኮኮዋ ሥራ በጉድጓዷ አፍ ቆማ እባብ ሲመጣ በፉጨት ማስጠንቀቅ ነበር፤ እናቷም አያቷም በዚህ ሥራ ኖረዋል። በሦስተኛው ቀን እባብ ገባ። ከአምስት ልጆቿ ሁለቱን በላ። ሽኮኮዋ በዚያች ሰዓት ደመና እያየች ነበር፤ ደመናው የክንፍ ቅርጽ ነበረው፣ ምልክት መስሏት ነበር።

ይህን የምተርከው ሽኮኮዋን ለመውቀስ አይደለም። እንደ እሷ የማይሆን ማነው? ባሕር ማዶ የምንኖር ሰዎች ደኅና የሚባለውን ቀን ሁሉ ገና ላልመጣ ቀን አስይዘነዋል። ወረቀቱ ሲያልቅ፣ ቤቱ ሲገዛ፣ ልጁ ሲመረቅ፣ አገር ቤት ስንገባ ያን ጊዜ እግዚአብሔርን አመስግነን እንቀመጣለን እንላለን። እስከዚያው ድርብ ፈረቃ ሠርተን ስንገባ ልጁ ተኝቷል፤ ስንወጣም ተኝቷል። ጸሎቱን ደግሞ እሑድ እሑድ ለሚቆሙልን ካህናት ትተነዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ወደ ተረቱ ልመለስ።

መልእክተኞቹ ተመለሱ። አንዱ የሳተላይቶችን መብራት አይቷል፣ ሌላው የሄሊኮፕተር ጩኸት ሰምቷል። አያ ቁራ ግን ወሬው ብዙ ነበር፤ ፌርፋክስ ነበር የዋለው።

«አገራቸውን ይዘው ነው የመጡት» አለ። «በ2002 ከተማው ሰፈሩን በስማቸው ጠራላቸው፤ ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ በምልክት ተጽፏል። ቡናው ሲቆላ ጢሱ እስከ እግረኛው መንገድ ይወጣል። ሰው ከሰው ሲገናኝ ሳይጠየቅ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ሒሳብ ሲከፍልም፣ መኪና ሲያቆምም፣ ስልክ ሲዘጋም ስሙን ይጠራል። በመስከረም ነጭ ለብሰው ሲወጡ መንገዱ ይሞላል። ግን ምልክት ካላችሁኝ ምንም አላየሁም። ሰማዩ አልተከፈተም፣ ድምፅ አልመጣም።»

ጭልፊቱ «ሂድ፣ አረፍ በል» ሊለው ሲል እመት ቀበሮ ከዛፍ ላይ ወረደች። የዚያ አገር ግራጫ ቀበሮ ዛፍ መውጣት ይችላል። ያረጀች ናት፤ ጉንጯ ነጥቷል።

«አያ ቁራ፣ ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?»

«አቤት?»

«ቁርስህን ነው የጠየቅሁህ።»

«እንጀራ ነዋ፣ እመት። እዚያው ፌርፋክስ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ።»

«ሰርቀህ?»

«ኧረ በስመ አብ! ሴትየዋ ናት የምትሰጠኝ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም።»

«አምናስ?»

«አምናም። ገና ጎጆ ሳልለቅ እናቴ ታመጣልኝ የነበረው ከዚያው በር ነው።»

«እስቲ ከመነሻው ንገረኝ። እንዴት ነው የምትሰጥህ?»

ቁራው ተሰላቸ፤ ትልቁን ወሬ ትቶ ይህን መናገር አልወደደም። ተናገረ ግን።

«ሳይነጋ ትመጣለች። ሌሊቱን ሌላ ሥራ አድራ ነው መሰለኝ፣ የነርስ ልብሷን ሳትቀይር የምትመጣበት ቀን አለ። የሊጡን ባልዲ ከፍታ ታየዋለች፤ ኩፍ ብሎ ይጠብቃታል። ምጣዱን በኤሌክትሪክ ታግለዋለች፣ በማሰሻው ታሸዋለች። ከዚያ ጨልፋ ከዳር ጀምራ ወደ መሀል እያዞረች ትጥለዋለች። የመጀመሪያዋ ግን እንጀራ አይደለችም። ምጣዱ ገና አልተስማማም፤ ዓይን አታወጣም፣ ስትነሣም ትቀደዳለች። ማሟሻ ነች። እሷን ነው በጓሮ በር የምትወረውርልኝ። ለሰው የማትቀርበዋን።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ግን ማሟሻ እኮ ነው፣ እመት! ይሄ ምኑ ይወራል?»

እመት ቀበሮ ተቀመጠች። «የአባቶችህን ታሪክ ታውቀዋለህ?»

«እንዴታ!» ቁራው ደረቱን ነፋ። «በድርቁ ዘመን ኤልያስን በኮራት ፈፋ የመገብነው እኛ ነን። ጠዋት እንጀራና ሥጋ፣ ማታ እንጀራና ሥጋ።»

«ኤልያስ ያኔ ቀና ብሎ ‘ቁራ እኮ ነው፣ ይሄ ምኑ ይወራል’ ብሎ ቢሆንስ?»

«ያ ሌላ ነው! እኛ ታዘን ነው የሄድነው።»

«ይህችን ሴት ማን አዘዛት?»

«ማንም። ልማድ ነው።»

«ሌሊት ሠርታ ያደረች ሴት፣ እግሯ አብጦ፣ በር ከፍታ ለቁራ ቁርስ የምትሰጥበት ልማድ ከየት መጣ? አንተስ በዚህ ድርቅ ላባህ የሚያበራው ከማን የተነሣ ነው? እስቲ ጎረቤቶችህን እይ።»

አራዊቱ ቁራውን አዩት። እውነት ነበር። ከሁሉም የሞላው እሱ ነበር።

ጭልፊቱ ግን አልተዋጠለትም። «ማሟሻ ምልክት ከሆነ ምልክት ያልሆነ ነገር የለም» አለ። «ምልክት ማለት የ1963ቱ ውኃ ነው። ያንን ያየ ይናገር።»

«ያየ የለም፤ የሰማሁትን ግን ልናገር» አለች ቀበሮዋ። «ታኅሣሥ 14 ቀን ቅዳሜ ነበር። የውኃ ማጠራቀሚያው እዚሁ አናታችን ላይ ነበረ፤ ዛሬ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አረንጓዴ ሜዳ። እናንተ ስትተርኩ ከመፍረሱ ነው የምትጀምሩት። አያቶቼ ግን ከጠባቂው ነበር የሚጀምሩት። ግድቡን የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው በየቀኑ ዞር ዞር ብሎ ማየት ነው። አንድም ቀን የተለየ ነገር ያላየ፣ ያልሰማ ሰው ቢሰለች ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን ያን ቀን ረፋዱ ላይ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በቱቦ ውስጥ መሰማት የሌለበት የውኃ ድምፅ ሰማ። ወረደ፣ አየ፣ አለቆቹን ጠራ። ውኃውን ማስተንፈስ ጀመሩ። ፖሊሶች በየቤቱ እየሮጡ በር አንኳኩ፣ በሄሊኮፕተርም በድምፅ ማጉያ ውጡ ብለው ለፈፉ። ግድቡ የፈረሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከ38 ደቂቃ ነው። አራት ሰዓት ያህል ተገኘ ማለት ነው። 277 ቤት ጠፋ፤ በቤቶቹ ውስጥ የነበረው ሕዝብ ግን አብዛኛው ወጥቶ ነበር። ጌታው ጭልፊት፣ አንተ ፈጣሪን በጎርፉ ውስጥ ትፈልገዋለህ። እኔ በዚያ ሰውዬ ጆሮ ውስጥ ነው የማየው። በየቀኑ በሚዞራት ዙር ውስጥ።»

ትንሿ ጥንቸል እጇን አወጣች። «አምስት ሰው ሞቷል ይባላል። ለእነሱስ የት ነበረ?»

እመት ቀበሮ ወዲያው አልመለሰችም። የራሷ ልጅ የተበላበት ቁጥቋጦ ከተቀመጠችበት ይታያል።

«አላውቅም፣ ልጄ። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አላጽናናሽም። እኔም የምጠይቀው የራሴ አለኝ፤ ማታ ማታ እጠይቀዋለሁ። ግን ያ ሰው ያን ቀን ዙሩን ቢተወው፣ ወይ ሰማይ እያየ ቢሆን፣ አምስት አይሆኑም ነበር።»

ሽኮኮዋ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ ማንንም ሳትሰናበት ቁልቁል ወረደች።

«አንድ ነገር ልጨምር» አለች ቀበሮዋ። «ግድቡ ለምን እንደተሰነጠቀ የመረመሩ ሰዎች ከሥሩ ያለው መሬት መስጠሙንና መንሸራተቱን አገኙ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ነገሩን ከነዳጁ መውጣት ጋር አያይዘውታል። የሰጋጆቹን ጎንበስ ቀና እዩት። ለማንም አይሰግዱም። ከምድር ሆድ ነው የሚወስዱት። እኛ ስግደታችንን ለእነሱ ሰጥተን ተኝተን ሳለ ከሥራችን ያለው መሬት ባዶ ሲሆን ኖሯል።»

ጉባኤው በአንድ ቃል አልተነሣም። ጭልፊቱ በአናቱ ቀረ፤ በ2028 ኦሎምፒክ ወደ ሎስ አንጀለስ ይመለሳል፣ ያኔ ምልክት አይቀርም ብሎ አሁንም ይጠብቃል። ከእሱ ጋር የቀሩም ብዙ ናቸው። ካዮቲው እያነከሰ ብቻውን ወደ ጉድባው ሄደ። ሌሎቹ እየተነጋገሩ ተበተኑ።

ቁራው በማግስቱ ገና ሳይነጋ ፌርፋክስ ደረሰ። ሌላ ጊዜ በሩ ሲከፈት ነበር የሚመጣው። ዛሬ ግን ከቆሻሻ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ በፊት ያላየውን አየ። ሴትየዋ ከአውራ ጣቷ በታች የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አላት። ሊጡ ላይ አማትባ በስመ አብ ትላለች። ለእያንዳንዱ እንጀራ ሊጥ ስትጥል የአንድ ሰው ስም ትጠራለች፦ ደሴ ያለች እናቷን፣ ኮሌጅ ያለ ልጇን፣ ሌሊት ስትንከባከባቸው ያደረቻቸውን አሮጊት ፈረንጅ፣ ቤት ኪራይ የጨመረባትን ሰውዬ ጭምር። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ምጣዱ ሲንጣጣ ይሸፍነዋል። ቁራው በሕይወቱ ሙሉ ከዚያ በር አሥር እርምጃ ርቆ ቆሞ ይህን ሰምቶት አያውቅም። የሚሰማው የበሩን መከፈት ብቻ ነበር።

ከሁሉ አስቀድማ የመጀመሪያዋን ስትጥልም ሰማት። «ይቺ ለሌለው» ነበር ያለችው።

በሩ ተከፈተ። «መጣህ? ዛሬ ቀደምህ» አለችና ወረወረችለት። ቁራው ግማሹን እዚያው በላ። ግማሹን በመንቁሩ ይዞ ከፓርኪንጉ ተነሣ፤ በጭጋጉ ውስጥ ወደ ባልድዊን ሂልስ በረረ።

ኮረብታው ላይ ሽኮኮዋ በጉድጓዷ አፍ ቆማለች፤ ሦስቱ ልጆቿ ከኋላዋ ናቸው። የአሪቲው ዘመድ ቅጠል በጭጋጉ ርሷል። አንዲት ቆቅ ከቅጠሉ ጫፍ ጤዛ እየለቀመች ትጠጣለች። በዚያ ድርቅ በሕይወት የቆዩት በዚህ ጭጋግ ነበር፤ ማንም ግን በጉባኤ አላነሣውም። ቁራው ማሟሻዋን እመት ቀበሮ ፊት አኖረ። ትንሿ ጥንቸል ሮጣ መጣችና ከዳሩ ቀመሰች።

«ይኮመጥጣል!»

«ይኮመጥጣል» አለ ቁራው። «ሊጡ ቀናት ያድራል። እሷ ሌላ ሥራ ላይ እያለች እሱ በባልዲው ውስጥ ይሠራል።»

«ማን ያሠራዋል?»

ቁራው ትናንት ቢሆን «ልማድ ነው» ይል ነበር። ዛሬ ጥያቄው ጥሩ መሆኑን አየና «እስቲ ነገ አብረን እንጠይቃት» አላት። ጥንቸል ፌርፋክስ ድረስ እንደማትሄድ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ቢሆንም ጥንቸሏ ደስ አላት።

እመት ቀበሮ ከማሟሻዋ ጥቂት በላች። የተረፈውን አልነካችም። በመዳፏ ወደ ቁራው ገፋ አደረገችው።

«አያ ካዮቲ ከትናንት ጀምሮ ከጉድባው አልወጣም» አለች። «እግሩ ብሶበታል። ይቺን ውሰድለት።»

«ለእሱ?» ቁራው ላባው ተቆጣ። «እመት፣ ልጅዎን የበላውን?»

«ሴትየዋ ለማን ነው ያለችው?»

«ለሌለው።»

«እንግዲያስ ቀኑ ሳይሞቅ ቶሎ በል። ቅርብ አትረፍ፤ ከላይ ሆነህ ጣልለት። ርቦታል፣ ይነክስሃል።»